አይገባኝም

ታርቱ ላይ ሌሊት ነው፣ ወንዙ በረዶ ሆኗል፤
ከእኔ መስኮት በቀር ሰፈሩ ዓይኑን ከድኗል።
ቫልዲቪያ ዝናብ ነው፤ ናዌል ልጁን አስተኝቶ
ማስታወሻ ትቶልኛል፣ እንዲህ ሲል አብራርቶ፦

«እዚህ ድረስ ሄድኩኝ። ከዚህ ወዲያ አላየሁም።
ሦስተኛዋን ቁጥር እኔም አላመንኳትም።
ከነካሻት ቀስ በይ። ቢከፋ ቀስቅሺኝ፤
ስልኬ ትራስ ሥር ነው፣ ይቅርታ አትጠይቂኝ።»

ነካኋት።
ቀስ አላልኩም።

የጀልባው ትኬት መዝገብ አንዴ ተንገዳገደ፤
አንዱን ተሳፋሪ ሰባት ጊዜ አስከፍሎ
ሌላውን ከነሻንጣው ወደብ ላይ ጥሎት ሄደ።

የድሮው መሥሪያ ቤቴ መጣብኝ በዚያች ቅጽበት፤
ኮምፒውተሬ ላይ ሰላይ ፕሮግራም የጫኑበት፣
ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ማውሱ እንዳይተኛ ብዬ
በአሻንጉሊት ባቡር ላይ አስሬው የምሄድ ጥዬ።
ስህተት እዚያ ይቀበራል፣ ቀባሪው አይነወርም፤
ያመነ ሰኞ ሲነቃ የይለፍ ቃሉ አይሠራም።

ስለዚህ ጣቴ ሄደ መቅበሪያ ሊቆፍር፤
አንድ መስመር ማጥፋት ነው፣ ማን አይቶኝ ሊናገር?
ግን ያቺ የናዌል ቃል፣ «እኔም አላመንኳትም»፣
ደጄ ላይ ቆማ ቀረች፤ ልለፍ ብል አታሳልፍም።

ጻፍኩ።
«የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
የማውቀው ይኸው ከታች፤ የማላውቀውም አለበት።»

ኡላንባታር ነግቷል፤ ተሙሌን፣ ያቺ አለቃ፣
ከቅዝቃዜው ገብታ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣
«ማነው?» አላለችም። «ለምን?»ም አላለችኝ።
«አልገባኝም» አለች፤ «ከመጀመሪያው አስረጂኝ።»

ሃያ ዓመት በሙያው የቆየች ሴት
«አልገባኝም» ስትል
ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አስረዳሁ። ሳስረዳ፣ አራተኛው መስመር ላይ
ስህተቴ ራሱ ብቅ አለ፦ «እኔን ነው የፈለግሽው ወይ?»
ሁለት ቁጥር ቦታ ተለዋውጠው።
ይኸው ነው። ያ ሁሉ ላብ።

የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቀን፦ «አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»
«በአካል? አላየኋቸውም።» «ታዲያ እንዴት ታምኛቸዋለሽ?»
ምን ልበለው? ያቺን ሦስተኛ ቁጥር
ላሳየው አሰብኩና ተውኩት፤ ገና አሥር ዓመቱ ነው።

ሲነጋጋ ጀልባዎቹ ሰው ጭነው ወደ ደሴቶቹ ወጡ፤
የሰባት ጊዜው ከፋይ ስድስቱ ተመለሰለት።
ለናዌል ማስታወሻ ተውኩለት፣ ሲነቃ የሚያነበው፤
ሦስተኛዋን ቁጥር ለምን እንዳላመናት አሁን ያውቃል።
ተሙሌን ጻፈች፦ «ተኚ። የዛሬውን እኔ እይዘዋለሁ።
የሰበረው ሰው ነው የሚያደክመው፣ ያስተካከለው አይደለም ያለሽ ማነው?»

እኔም ዓይኔ እየከበደኝ አንዲት ቃል መለስኩላት፦
«አይገባኝም።»
እሷ ግን ነገሩ እውነት ያልገባኝ መሰላት፤
ሳትሰለች፣ እንደገና፣ ከመጀመሪያው መስመር
ልታስረዳኝ ስትጀምር
አየሁ፦ ሦስቱ ነጥቦች ስክሪኑ ላይ ይዘላሉ።

አላቋረጥኳትም።