የአንድ ሳጥን ዕዳ

ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ቃሊቲ ከደጃቸው
ቆመው አገኘኋቸው፣ ኮፍያቸው በእጃቸው።
«ረፍዷል» አሉኝ ጋሽ ልሳኑ፤ ገብተው ተቀመጡ፣
የሌለ ፍሬን ረገጡ፣ የሌለ ማርሽ ለወጡ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚሁ ጎዳና ለስላሳ አመላልሰዋል፤
ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣
መንጃ ፈቃዳቸው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።
«ቤቶቼን አሳየኝ» ብለው ነው የለመኑኝ።
ቤት እንኳ የላቸውም፤ በኪራይ ነው ያሉት፣
ሳጥን ያወረዱበትን ደጅ ነው «ቤቴ» የሚሉት።

አቃቂ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ኬክ ቤቱ ዛሬም አለ፤
ቀይ የፕላስቲክ ወንበር፣ ስፖንጁ በስንጥቁ ብቅ ያለ፣
የጣልያን ማሽን፣ አናቱ ላይ ንስሯ ክንፏን ዘርግታ፣
ከእንፋሎት ጋር ተፋታ፣
የሎተሪ ትኬት ይደገፍባታል ከጠዋት እስከ ማታ።

ሁለት ሻይ፣ አንድ ቦምቦሊኖ አዘዝን። እሳቸው
ጠረጴዛውን ዳበሱት በመዳፋቸው፤
«ይኸ እብነ በረድ እዚህ ጋ የተሰነጠቀው
በኔ ሳጥን ነው።»
አስተናጋጁ ሳቀ። የትናንት ልጅ ነው፤ አላመናቸውም።
ስንጥቁን ሲጠርግ ግን እጁ ቀስ አለ፤
አየሁት፤ አላየኝም።

ገላን ላይ ፋብሪካ ብቻ። ፎቅ የበቀለበትን በጣት እየጠቆሙ፣
«እዚህ ሻይ ቤት ነበር፣ ለስላሳ በርሜል ውስጥ የሚነክሩ፤
እዚህ ደግሞ...» ጀመሩና አቆሙ።
መስኮቱን ዘጉና «አቧራው!» አሉ።
መንገዱ አስፋልት ነው፤ አቧራም የለ።
እኔም የኔን ዘጋሁ፣ እንዳሉ።

ዱከም፣ የጥብሱ ጭስ መንገድ ይዘጋል፤
እሳቸው ግን ወደ ሐዲዱ፣ «በዚህ ታጠፍ፣ በዚህ ይሻላል»።
ባቡሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ከሐዲዱ መሃል ጎመን በቅሏል፤
የጣቢያው ቡፌ ግን፣ ቢጫ ቀለሙ እየተላጠ፣
ክፍት ነው፤ ይጠብቃል።

ባንኮኒው ዚንክ ነው፤ አንገቱ የሰጎን አንገት የመሰለ
የጋዝ ውሃ ቧንቧ እላዩ ላይ ተተክሎ አለ።
ድሮ ሽሮፕ ከብርጭቆ ቂጥ፣ ቀዩን ወይ አረንጓዴውን፣
ከላይ ፉጨቱን፣ አረፋውን።
አሁን ሲጠመዝዙት አንዴ ያስላል፤
ሌላ ምን ይላል?

ወይዘሮ ስሂን ከጓዳ መጡ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤
ሰላምም አላሉ።
«ሃያ አራት ባዶ። ያንተ ሳጥን። ማክሰኞ እመለሳለሁ አልክ።»
«መስመሬን ቀየሩት፣ ወደ ሆለታ...»
«ማክሰኞ ነው ያልክ።»

ከባንኮኒው ሥር ሳበው አወጡት። የድሮዎቹ ናቸው፣ ወገበ ወፍራሞቹ፣
ዛሬ ፋብሪካም የማይቀበላቸው፣ ድንክዬዎቹ።
«በዓመት አንዴ ያጥቧቸዋል» አለችኝ አሳላፊዋ፣
ሹክ ብላ፣ ዓይኗ ከእመቤቷ።
ጋሽ ልሳኑ ያዘዙትን ሳይጠጡ ወጡ።

ቢሾፍቱ አደርን። እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ያወቅኩት
በአልጋው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ
እግራቸው ፍሬን ሲፈልግ ሰማሁት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሱቁ ሲከፈት ጠብቀው
አንድ ሙሉ ሳጥን ገዙ፣ ከጡረታቸው ቆንጥረው።
ዱከም ስንደርስ «ልሸከምልዎ?» ብል ተቆጡኝ፤ በትከሻቸው
ከመኪና እስከ ባንኮኒው፣ ሦስት ጊዜ እያረፉ፣
ወንበር እየገፉ፣
አደረሱት። «ይኸው ዕዳዬ።»

ወይዘሮ ስሂን ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት... ሃያ አራት። ሳይቸኩሉ።
«ደህና። የዚህን ባዶ ደግሞ ማን ይወስደዋል?» አሉ።
«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሽ ልሳኑ፣
«በሚመጣው ቅዳሜ።»

የኔን ቅዳሜ የጠየቀኝ የለም።
አሮጌው ሳጥን ከኋላ ወንበር፣ እስከ ቃሊቲ፣
በየጉድጓዱ እየተንቃጨለ መጣ።
ከጎኔ ያሉት ሹፌር ፍሬን ረገጡ፤
እኔም ቀስ አልኩ።