ያልጻፍኩት ቀን

በቺሎዬ ደሴት፣ ዝናብ በማይተዋት፣
በኬምቺ ወደብ ላይ ገመድ የምሸጥባት
ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ አባቴ የሞተባት፤
ከጠረጴዛው ጎን ባልዲ የማይጠፋባት።

ባልዶሜሮ ዘወትር ማክሰኞ ይመጣል፣
ኮፍያውን አውልቆ ዝናቡን ያራግፋል፣
«ትንሽ ነው የቀራት» ብሎ ሙጫ ይጠይቃል።

ስለ ጀልባዋ ነው። መጠገን ከያዛት
ዘንድሮ ለፋሲካ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤
ስሟንም ሲያወጣ «ትዕግሥት» ነው ያላት።

ወለሏን ትል በላው፤ በአዲስ ሳንቃ ተካ፤
ሳንቃው ሲመታ ግን ግንዱ በስብሷል ለካ፤
ግንዱን ለመለወጥ ሁለት በሬ ሸጠ፤
ሞተር ባስገባ ቀን ስንጥቋ አፈጠጠ።
የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ቢሉት
ሌላ ባልዲ ይዞ ይሄዳል ሊደፋበት።

«ተዋት፣» አልኩት አንዴ፣ «ለማገዶ ትሁን፤
ከእንግዲህ በሚወጣው ሌላ ግዛ ደህናውን።»
ሙጫውን እንደያዘ ቆሞ ተመለከተኝ፤
«አሥራ አንድ ዓመቴን ምን ልበለው?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም። ሲወጣ ግን ታየኝ፤
የሸጣቸው በሬዎች የሚጎትቱት መሰለኝ።

ከተማውስ ቢሆን! አሮጌው ድልድይ
ማዕበል ሲወስደው ባለፈው ሐምሌ ላይ፣
ሁሉም ሰው በአንድ አፍ «አላልኩም ነበር ወይ?»
በዋዜማው ማታ መረብ ሲቋጥሩ
እግር አንጠልጥለው እዚያው ላይ ነበሩ።

እኔም መቼ ጻድቅ! የመዳብ ሚስማሩን
«ሃያ ሺህ ፔሶ» ብዬ እጠራለሁ ዋጋውን፤
ገዢው ሃያን ሰምቶ ከሃያ ይወርዳል፣
አሥራ አራት ሺህ ከፍሎ አትርፎ ይወጣል።
ዘጠኝ ነበር ዋጋው።

ማታ ሱቅ ስዘጋ፣ ደብተሬን ገልብጬ
ከኋላው ገጽ ላይ፣ ከዕዳው አብልጬ
የባልዶሜሮን ሞኝነት እመዘግባለሁ፦
ማክሰኞ፤ ሙጫ ገዛ። ማክሰኞ፤ ደግሞ ሙጫ።
ማክሰኞ፤ ሞተሩ ሞተ። ማክሰኞ፤ ቅጥራን።
አርባ ሰባት ገጽ ነው። አንድም ውሸት የለበት።

ረቡዕ ዕለት መጣች ሚስቱ ኦቲልያ፣
ለጓዳ በር ብላ አንዲት ማጠፊያ።
ዕዳቸውን ላሳይ ደብተሯን ስከፍት
እጄ ከልማዱ ከኋላ ገለጣት።
ቆማ አነበበች፣ ጣቷን አስከትላ፤
ቁጣ ስጠብቅ እኔ፣ የጠየቀችኝ ሌላ፦

«ያች ሌሊት የት አለች? ማዶ ካለው ደሴት
ኔልዳን ምጥ ሲይዛት፣ ጀልባ ሁሉ ሲፈራት
ትዕግሥት ነች ያመጣቻት።
ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለት ሆና ሄደች።
የትኛው ገጽ ላይ ናት?»

ነበርኩ እኮ እኔ። ፋኖስ የያዝኩትም፣
ገመዱን ተቀብዬ ከምሰሶ ያሰርኩትም
እኔው ነበርኩ፤ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰምቻለሁ።
ማክሰኞ አልነበረም።

«ማጠፊያው ስንት ነው?» «ሁለት ሺህ» አልኳት፣
ሳላስበው አፌ እውነቱን ነገራት።
«ምን ሆኖ ረከሰ?» ብላ ገልብጣ አየችው፣
ወደ ብርሃን ወስዳ፣ በጥፍሯ ፈተሸችው፣
ትታው ሄደች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮፍያው ከበር ታየ፤
«ትንሽ ነው የቀራት።» ብዕሬ ዘገየ፤
ይህን የቱ ጋ እጽፋለሁ? ከፊት ወይስ ከኋላ?

ከላይ ጠብ አለብኝ፣ ከቆርቆሮው ቀዳዳ፤
ሃያ ዓመት ደፈንኩት፣ በብድር፣ በዕዳ፣
ሽጪው ያለኝን ሁሉ እያየሁ እንደ ባዳ።
ባልዲውን በእግሬ ገፋ አደረግሁና
ሙጫ መዘንኩለት።