ከግራ አሥራ ሰባተኛው

ባቡር ከማይመጣበት ከባቡር ጣቢያችን፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ያመሻል ሸንጓችን፤
ስምንት አዛውንቶች፣ አንድ የሚያፈስ ጣራ፣
እርጥበት የበላው የመዛግብት ተራ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣
የተባለውን ሁሉ እንደተባለ እጽፋለሁ።
የተባለው ግን፣
በኡራጓይ ወንዝ ዳር፣ በሳን ኤሊሴዮ፣
አንድ ሆኖ አያውቅም።

"ጎርፉ የገባው ማክሰኞ ነው" ይላል አንሴልሞ፤
"ረቡዕ ነው እንጂ!" ኔሊዳ ናት ደግሞ፤
"ያጠብኩትን አንሶላ ከነገመዱ የወሰደው፣
ማክሰኞ አጥቤ አላውቅም፣ ውሃው ይመስክር ሰው ቢክደው።"
ሃያ ስድስት ዓመት ይህ ነገር ሲከር፣
እኔ መዝጋቢው ምን ላድርግ፣ ምን ልምከር?
ሁለቱንም ጻፍኩ፣ አንዱን በእርሳስ፣ አንዱን በቀለም፤
በእርሳስ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ሐሙስ ግን አጀንዳው ፎቶ ነበረ፣
ከተዘጋው ፋብሪካ፣ ከመሳቢያ ሥር የተቀበረ፤
ሥጋ በቆርቆሮ ታሽጎ ባሕር በሚሻገርበት ዘመን፣
ሽርጣቸው ደም የነካው፣ ቢላ የታጠቁ፣
አርባ አንድ ሠራተኞች፣ ካሜራው ፊት የደረቁ።
ስማቸውን ስንመልስላቸው አመሸን፦
"ይህ ስቶያን ነው፣ ቡልጋሪያ የወለደው፣
ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት ምድጃ ያነደደው።
ይህ የኦፌሊያ አያት፣ ባለ አራት ጣት፣
አምስተኛዪቱ ታሽጋ ለንደን ገባች ለእራት።"
ሳቅን። ጻፍኩ።

ከግራ አሥራ ሰባተኛው ላይ ቤቱ ዝም፤
ኮሌታ አለ፣ ትከሻ አለ፣ ፊት ግን የለም።
በመቀስ፣ በክቡ፣ እንደ ሳንቲም ተቆርጦ፣
በቀዳዳው የጠረጴዛው እንጨት ይታያል አግጦ።
"የአድማው መሪ ነው፤ ፖሊስ ነው ፊቱን የገፈፈው።"
"ሰላይ ነው፤ የጓዶቹ ቂም ነው የቀሰፈው።"
በአንድ ምሽት ጀግናም ከሃዲም ሆነ፤
ፊት የሌለው ሰው፣ መቼስ፣ ለሁሉ የተመቸ ሆነ።

ደልሚራ ነበረች በር አጠገብ የምትቀመጥ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል ሳትሰጥ፤
በመዝገቤ ላይ "ተገኝታለች" ብቻ ናት።
ብድግ አለች።
ከሹራቧ ውስጥ፣ ከአንገቷ ሰንሰለት፣
ጥፍር የምታህል የብር ክዳን ሳበች፤
ከፈተች።
"እናቴ ናት የቆረጠችው፣ በልብስ መቀስ።
ሌላ ፎቶ አልነበረውም።
አድማም አልመራ፣ ማንንም አልሰለለም፤
ጥርሱን ታሞ ሞተ። ለጥርስ ሐውልት የሚያቆም የለም።"

ፊቱን በጥፍሯ አውጥታ ቀዳዳው ላይ አኖረችው።
ልክ ነበር።
አርባ አንድ ሆኑ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።
አባትዬው ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ፣
ልጅቱ ሰማንያ ስምንት፤
ጎንበስ ስትልበት አያቱን መሰለች።

ሊቀመንበሩ ሙጫ ፈለጉ፤ "ለታሪክ ይለጠፍ" አሉ።
"የለም" አለች፤ "እናንተ የምታስታውሱት ሐሙስ ሐሙስ ነው።"
ክዳኑ ጠቅ አለ። ወደ ሹራቧ ገባ።

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፣ በሸንጓችን ዕድሜ የመጀመሪያው፦
ቀዳዳው እንዳለ ይቀመጥ፤ ከሥሩ እንዲህ ይጻፍ፤
"ከግራ አሥራ ሰባተኛ፣ ኤቫሪስቶ ላሩምቤ።
ፊቱ ልጁ ጋ ነው።"
በቀለም ጻፍኩት።

ልዩ ልዩ ጉዳይ፦ ጣራው አሁንም ያፈሳል።
አንሴልሞ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በሩን ይዞ፣
"ማክሰኞ ነው" ብሎ ወጣ።