ስምንት መቶ ቀዘፋ

ባሕሩ ጥሎን ሄደ፤ ደኅና ሁኑ አላለም፣
አንድ ዓመት ፈቀቅ አለ፣ በሌላው አልተመለሰም።
የአራል ውሃ ነበር ጓዳችን፣ ማጀታችን፣
ዛሬ ነፋሱ ነው፣ ጨው አዝሎ ከደጃችን።
ጀልባዎቹ በአሸዋው በጎናቸው ወድቀው፣
ግመሎች ያመሰኳሉ ጥላቸው ሥር ተደብቀው።

እኔ ባልጃን ነኝ፣ የኦሪንባሳር ልጅ፣
ዓሣ ሳሽግ ያረጀሁ ከፋብሪካው ደጅ።
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ማሽኑ ተፈትቶ ሲሸጥ፣
ሥራዬ ወሬ ሆነ፣ ከምድጃው ዳር መቀመጥ።
"ያኔ..." ብዬ እጀምራለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣
አባቴ የያዘውን ዓሣ በክንዴ አሳያለሁ፤
እንግዳ በመጣ ቁጥር እጅ ከእጅ ራቀ፣
ዓሣው ከሞተም ወዲያ በማደግ ዘለቀ።

የልጅ ልጄ ቶግጃን ትሰማኛለች ዝም ብላ፣
የውሃ ቦቴው ቀርቶ፣ ባዶ ጀሪካን አዝላ።
አንድ ማታ ግን አቋረጠችኝ፦
"አያቴ፣ የዓሣውን ነገር በቃሌ አውቀዋለሁ፣
ርዝመቱን ተዪውና ሌላ እጠይቅሻለሁ፤
አባትሽ በዚያ ሁሉ ጨው መካከል ሲውል
ሲጠማው ከየት ነበር የሚጠጣው?"

ዝም አልኩ።
እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ መጣልኝ፣ ከሩቅ፣ እንደ እርጥብ ገመድ ሲሳብ፦
ሰባት ዓመቴ ነው፤ አባቴ በጠራራ ፀሐይ
ባልዲ ሰደደ፣ አወጣ፤ "ቅመሺው፣ ጨው አለው ወይ?"
አልነበረውም። ጥርሴን እስኪያመኝ ቀዘቀዘኝ።
"ከሥራችን ምንጭ አለ፣ ባሕሩም አያውቀው፤
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ቀዩን ኮረብታ ሲደብቀው፣
ከዚያ ወደ ምዕራብ ነው፣ ስምንት መቶ ቀዘፋ፤
እኔ ብረሳ አንቺ ያዢው፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋ።"

አንድ ቀዘፋ ስንት እርምጃ ነው?
ከወደቀ ጀልባ ገብተን ቶግጃን በጠመኔ ለካች፣
"ሦስት ከግማሽ" አለችና ጫማዋን አጥብቃ ተነሣች።

ሄድን። ቆጠርን። ሦስት ቀን ቆፈርን።
ጨው። ከጨው ሥር ጨው። ከዚያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት።
ጎረቤቴ ቱሬሽ በሞተሩ መጥቶ፣
"አሮጊቷ በደረቅ ትቀዝፋለች!" ብሎ
ሳቀና ሄደ፣ አቧራ አስነሥቶ።

ሌሊት ከጉድጓዱ አፍ ተኝቼ አባቴን አየሁት፤
ሕልም አይደለም፤ ዓይኔን ገልጬ አስታወስኩት፦
ሲቀዝፍ ያቃስት ነበር፤ በጦርነቱ የተመታ ግራ ትከሻው፣
ጀልባችን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ማድላቱ፣ ያ ነበር መነሻው።
እኔ ግን ስለምወደው፣ በሠላሳ ዓመት ትዝታ፣
ትከሻውን ፈውሼዋለሁ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ማታ ማታ።
ጨው ላይ ያደረሰን ያ ጤነኛው አባቴ ነው፣
እኔ የሠራሁት።
ይቅር በለኝ ብዬ ሕመሙን መለስኩለት።

ሲነጋ ወደ ሰሜን፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል።
በአምስተኛው ቀን አሸዋው ጠቆረ፣ አካፋ ላይ ተጣበቀ።
ቶግጃን በሆዷ ተኝታ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰደደች፤
ምን እንዳገኘች አልነገረችኝም፣
እርጥብ እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች።

ባሕር አይደለም። ባሕሩ አይመለስም።
አባቴ እንዳቀመሰኝም አይደል፤ ጨው ጨው ይላል፣ ለሻይ አይሆንም፤
ፍየሎቹ ግን ጠጡት። አሸዋ እንዲያስርልን
የተከልነው የሳክሳውል ችግኝ፣ ከአርባው ዐሥራ አንዱ፣ ይዟል።
ቱሬሽም ትናንት ባልዲ ይዞ መጣ፤
አልሳቅኩበትም። ትንሽ ብቻ።

ማታ እንግዳ ነበረን፤ "ያኔ ዓሣው እንዴት ነበር?" አለኝ፤
እጆቼን እንደ ልማዴ ዘረጋሁ፣ ቶግጃን ቀና ብላ አየችኝ፤
መለስኳቸው። አቀራረብኳቸው።
"ይህን ያህል ነበር" አልኩት፣
"ከዚህ አይበልጥም።"