ተራ ሰው

ነገ ፈተና ነው፤ መብራቱ ግን ጠፋ፤
ከቤተ ሙከራ ወጥቼ ወረፋ
አራት ኪሎ ቆምኩኝ፣ ደብተር በብብቴ፤
በሜክሲኮ አልፎ ነው የኪራዩ ቤቴ።
ስልሳ ሰው ከፊቴ፣ አንድ ሚኒባስ ብቻ፤
ሰማዩም ጀምሯል የሰኔውን ዛቻ።

መምህርት ውዳላት ሰኞ በሰሌዳ
"ስርዓተ ክወና" ስትጽፍ፣ ለእንግዳ
ጆሮዬ ማኅሌት፣ ቅዳሴ መሰለኝ፤
ሳቄ አመለጠኝ።
"አትሳቅ" አለችኝ፤ "የሚሠራው አንድ ነው፣
እጁን የሚጠብቅ ሥራው ግን እልፍ ነው፤
ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ፣ ማን ይውረድ ከመሐል፣
ይኸን የሚዳኘው ከውስጥ ተቀምጧል።
አታየውም እንጂ።"

ይኸው አየሁታ! ሸምሱ ነው የሚሉት፤
ቢጫው ሰደርያ ተቀዷል ከብብት።
ስም አያውቅም እሱ፣ ፊት ነው የሚያውቀው፤
"ባለጃኬት፣ አንተ፣ ከእሷ ኋላ ቁመው።"
ሚኒባስ ሲመጣ አሥራ ሁለት ቆርጦ
ያስገባል፤ የቀረው ይቀራል አፍጥጦ።

አምቡላንስ ጮኸ።
ሸምሱ ሰው ሲቆጥር አራት ላይ ነበረ፤
ፊሽካውን ነፋና ወደ መሐል በረረ፤
ታክሲውን ጥግ አስይዞ፣ ቪትዙን አስቁሞ፣
ቀዩ መብራት አልፎ ድምፁ ሲርቅ ደግሞ
ተመልሶ መጣ። "አራት" አለ፣ "አምስት"፣
ጣቱ እንዳልተነሣ ከነበረበት።
ይኸ በደብተሬ ሁለት ገጽ ይፈጃል።

አፍታም አልቆየ፣ ሌላ ጣጣ መጣ፤
አንዱ ሊገባ ነው፣ አንዱ ደግሞ ሊወጣ፤
ቪትዟ በጎን ገባች፣ ሲኖትራክ ከኋላ፤
ሁሉም የያዘውን አለቅም አለና
"አንተ ፈቀቅ በል!" "አንተ ቀድመህ ፈቀቅ!"
እስኪነጋ ድረስ ጥሩምባ ቢደቅቅ
ማንም አይሄድም።
"አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ" ይሉት ነበር ድሮ
የዚህን መድኃኒት። ሸምሱ ግን አምርሮ
የቪትዟን ኮፈን በመዳፉ መታው፤
"ኋላ!" አላት። ሰደበችው። ሄደች። ሰማው።
አንድ ሰው ተበድሎ አርባ ሰው ይፈታል፤
መጽሐፌ ይኸንን በቀስት ይሥላል።

ከአጥሩ ሥር ደግሞ ፍራሽ የተሸከመ፣
ከሁላችን በፊት ከቀትር የቆመ
አንድ ሰው ነበረ።
ታክሲ በመጣ ቁጥር ረዳቱ ያየዋል፤
"የሦስት ሰው ቦታ ነው፣ ቀጣዩ ይሻላል።"
ቀጣዩም ያንኑ አለ። የቀጣዩም ቀጣይ።
ሰውዬው ፍራሹን ያገላብጠዋል፣
በአንድ ጎን ብቻ እንዳይርስ።
"ረሀብ" ነው ስሙ፣ ውዳላት ያለችው፤
ማዕዱ እያለ ተራ ያጣ ሰው ነው።

ሸምሱ አይቶት ኖሯል። ታክሲ ባለፈ ቁጥር
አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይገፋው ነበር፣
ማንም ሳያስተውል።

ተራዬ ደርሶልኝ፣ ገብቼ፣ ተቀምጬ፣
የወረፋ ሕጉን ከደብተር ገልጬ
ሳነብ በሩ ተበረገደ።
"ሦስት ሰው ይውረድ! ፍራሹ ይገባል።"
"ለምን እኔ?" አልኩት። "መጨረሻ ገብተሃል።
ቦታህን አልበላም፤ ቀጣዩ ላይ አንደኛ ነህ።"

ወረድኩ። ዝናቡም ወረደ።
ቀስቶቼ ቀለጡ፤ የቀለሙ ሰማያዊ
በጣቶቼ መሐል ሄደ።
ፍራሹ በመስኮት ጆሮውን አውጥቶ
ወደ ስታዲየም ቁልቁል ተንደረደረ።

"አንተስ" አልኩት ሸምሱን፣ "ማታ በምን ትሄዳለህ?"
"እኔ?" አለ፣ ሳንቲሙን በላስቲክ ቋጠረ፤
"ሁሉ ሲያልቅ፣ በእግሬ።" ዝም ብሎ ቆጠረ።
"ተራ የሚያስከብር ተራ አይሰለፍም፤
እኔ ተራ ሰው ነኝ።"
የትኛው ተራ ነው? አላብራራልኝም።

ታክሲው መጣ። "አንደኛ" አለኝ። ገባሁ።
ሞተሩ ሲነሣ ዞር ብዬ አየሁ፤
የቤተ ሙከራው መስኮት ሁሉ በራ፣
ማንም በሌለበት።
ሳላስቀምጥ የጠፋው ሥራዬ ትዝ አለኝ፤
ከውጭ ግን ሸምሱ "ሁለት" ይላል፣ "ሦስት"።