የጎን ቀዳዳ

ፌርላህ ጧት ደረስኩኝ፣ ድራው ጭጋግ ለብሷል፤
ሎይስ ኦግሪስ ቀድሞኝ ሞረዱን አንሥቷል።
ከባቡር ደሞዜ ሁለት ዓመት ቆርጬ፣
በኪሴ ወረቀት፣ ከሠንጠረዥ ገልብጬ፣
«በርሜሉ ሠላሳ ኢንች፣ ጥምዙም ፈጣን ይሁን፤
በየሰባቱ ኢንች ያዙርልኝ አረሩን።»

አልሳቀም። አልጻፈም። መነጽሩን ወልውሎ፣
«ምን ልትወረውሪ? ከየት ቆመሽ?» ብሎ
እንደ ሐኪም ጠየቀኝ።

«ወረቀት ነው» አልኩት፣ «ሺህ ሜትር ላይ የቆመ፣
ደም የሌለው ዒላማ፣ በጥቁር የታተመ።
አረሬ ረጅም ነው፣ እንደ ወስፌ ሹል።»

«ረጅም አረር ሰነፍ ነው፤ ካልሾረ ይወድቃል፤
እንዝርት ሲደክመው አይተሻል? ጭራው ይወዛወዛል።»
(እንዝርት አላለም እሱ፤ እኔ ነኝ የተረጎምኩት፤
እሱ ያለው እንጨት ነው፣ ልጆች በገመድ የሚያሾሩት።)
«ጥምዙ ከዘገየ አፍንጫውን ያነሣል፤
እጅግ ከፈጠነ ስስ ልብሱ ይቀደዳል፤
ላንቺ ስምንት ይበቃል።

ርዝመቱም እንዲሁ። ባሩዱ ነዶ ካለቀ
የቀረው ብረት ትርፍ ነው፣ ክንድሽን ያደቀቀ።
ሃያ ስድስት ላይ እንቁረጠው።»

«ረጅም ጦር» አልኩ በልቤ፣ «ባይወጉበት ያስፈራሩበት»፤
ወረቀት ግን በምን ይፈራል? ዝም አልኩ በቆምኩበት።

መሳቢያ ከፈተ። ከዘይታም ጨርቅ ሥር
ቢጫ ወረቀት አወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ምስጢር።
ቀዳዳው ክብ አይደለም። እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ሞላላ፣ የተቀደደ፤
አረሩ በጎኑ ነው የገባው፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ።

«የሮትራውድ ነው» አለ፣ «የልጄ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤
አዲስ ረጅም አረር ገዝታ ተኮሰች፣ ባሮጌው ጠመንጃ፣ ባባቷ።
‹እጅሽ ነው› አልኳት፣ ‹ይርዳል፤ ቃታውን ትነጥቂያለሽ›፤
ክረምቱን ሙሉ ‹እጅሽ›፣ በጋውን ሙሉ ‹እጅሽ›።
ግራትስ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ነው
በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ጨርቅ ጠቅልዬ በርሜሉ ውስጥ የሰደድኩት፣
በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ አንድ ዙር እስኪሞላ የለካሁት።
አሥራ አራት።
ለአጭር አረር የተቆፈረ፣ ድሮ፣ በአባቴ እጅ፤
ስህተቱ ከብረቱ ነበር፤ እኔ ግን ፈረድኩ በልጅ።»

ሞረዱን አነሣ። ወሬው በዚያው አለቀ።

በሚያዝያ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ ተኛሁ በደረቴ።
ሃያ ስድስት፣ በስምንት።
አንድ ተኩስ። ሄጄ ወረቀቱን ነቀልኩት፤
ከመሃል ሦስት ጣት ስቷል፤ እኔ ነኝ የሳትኩት፤
ቀዳዳው ግን ክብ ነው።

ወሰድኩለት። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው፣
በትንሽ ጣቱ ጫፍ ዙሪያውን ደጋግሞ ዳሰሰው።
‹እጅሽ› ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።
መሳቢያውን ጎለጎለ፤ ፖስታ አገኘ፤ ሌላውን ግን አላገኘም።

«ቴምብር» አለኝ ዞሮ፣ «አሁን ስንት ነው?»