ወራጅ አለ

ሜክሲኮ፣ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣
መስኮቱ አይዘጋም፣ ወንበሩ ሲጢጥ።
መርማሪው ልሳነወርቅ ቁልፉን ተጭኖ
ድምፄን አወጣልኝ፣ የሌላ ሰው ሆኖ።
አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ በላይ አልሆነች፤
ስድስቴ አዳመጥናት፤ ስድስቴም ያንኑ አለች።

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት።
«ሦስት ሰባት አንድ» ብያለሁ፣ «ዘጠና ድረስ ውረድ»፤
መልስ መጣ፦ ድርብ ድምፅ፤ ሁለት ጉሮሮ በአንድ ገመድ
ሲታነቅ የሚያወጣው ዓይነት ፉጨት፤
ከፉጨቱ ጭራ «ዘጠና» የምትል ቅሪት።
እኔም «ትክክል» አልኩ።
ጆሮዬ የመጣውን ሳይሆን የጠበቀውን ሰማ፤
ሦስት አንድ ሰባትም፣ ያልተጠራው፣
ይወርድ ጀመር በደመናው ጨለማ።

ሁለት ወራጅ፣ አንድ ደረጃ።
ሦስት መቶ ጫማ ይላል ወረቀቱ፤ ተላለፉ፤
ተሳፋሪው ለውዙን በላ፤ ሕፃናት አንቀላፉ።

«ደክሞሽ ነበር?» አለኝ ልሳነወርቅ።
«አይ።»
(ደክሞኝ ነበር። የዛሬውም ይቀረጻል፤
ውሸትም በቴፕ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።)

ስሙን አባቴ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።
አባቴ መሪጌታ ዕንባቆም፣ ቃል ሲሰነጥቅ
ሰሙን አቅልጦ ጥሎ የሚያስቀር ወርቅ፣
ቃል አንድ ብቻ ሲሆን ይከፋው ነበረ፤
«መካን ነው» ይል ነበር፣ «ሳይወልድ የቀረ»።
የኔ እንጀራ ደግሞ ከመካኑ ቃል ነው፤
ቃል መንታ ሲወልድ ነው ሰማይ የሚጠበው።
በምንሠራበት ቋንቋ «ቱ» ማለት «ሁለት» ነው፣
«ቱ» ማለት «ወደ» ነው፤
የሁለቱ ልዩነት አንዳንዴ ተራራ ነው።
ስለዚህ ይደገማል። የሰማኸውን መልስልኝ፤
ሳንቲም ሳታጎድል፣ እንደ ሰጠሁህ ቁጠርልኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ለቀቀኝ።
መታወቂያዬ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ፒያሳ! ፒያሳ! በፖስታ ቤት!»
ረዳቱ፣ ሾፌሩ «ዳንጌ» የሚለው፣ ድምፁ የሻከረ፣
አሥራ አምስት ሰው ጭኖ አሁንም «አንድ ሰው!» እያለ
ይጣራ ነበረ።

ብሔራዊን እንዳለፍን ከኋላ አንዲት ሴትዮ፦
«ወራጅ አለ።»
ዳንጌ ወደ ፊት፦
«ወራጅ አለ!»
ሾፌሩ ቆመ።
አንዲት ቃል በሁለት አፍ አልፋ ሳትጎድል ደረሰች፤
ሴትዮዋ ከነሽንኩርቷ ብቻዋን ወረደች፤
ሌላ ማንም አልወረደ።

«አለ» ስትጻፍ አንድ ናት፤ ጥብቀቷ አይታይም፤
አንዱ መኖር ነው፣ አንዱ መናገር፤ ፊደሉ አይለይም።
አባቴ በዚች ብቻ ሌሊቱን ያነጋ ነበር፤
እኔ ያን ማታ
ወራጅ እንዳለ ሰማሁና
«ማን አለ?» ሳልል ቀረሁ።
ሁለቱንም «ማን አለ?»።

ቸርችልን ሽቅብ። ሞተሩ ያቃስታል።
ማዘጋጃ ሳንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ።
ዳንጌ ብር ይቆጥራል፤ አልደገመም። ጠበቅኩ።
ሾፌሩ ግን ሰምቶኝ ኖሮ ጥግ ይዞ ቆመ።
«እህት፣ ውረጂ እንጂ!»
«መጀመሪያ ድገመው።»
«ምኑን?»
«ያልኩትን።»
ተሳፋሪው ሳቀ። አንዱ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ሰዓቱን አየ።
ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩንባውን ለቀቀው።
ዳንጌ አየኝ፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን፤ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ምስጢር ነገር፦

«ወራጅ አለ።»

«ትክክል» አልኩና ወረድኩ።